ረሃብንና ጥጋብን ያዳመጡት ኢማም



 

በረመዳን ሁላችንም ከሰውነታችን ሁለት ድምፆች ይመጡልናል። አንደኛው ረሃብ ነው። ከዙህር በኋላ በቀስታ ይጀምራል፤ ዐስር ላይ ይበረታል፤ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ከወጥ ቤት የሚመጣው የሳምቡሳ ሽታ ተጨምሮበት ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። ሁለተኛው ጥጋብ ነው። የጥጋብ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ፣ በጨዋታውና በግብዣው መካከል መጥቶ በቃህ ይለናል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ረሃብን ታግሠን የዋልን ሰዎች፣ ማታ ጥጋብን ለአንድ አፍታ ማዳመጥ ያቅተናል።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የረመዳን ምሽት ከአንዱ ቤት ኢፍጣር ወጥተን ሌላ ቤት ገባን። የሁለቱንም ቤት ሰዎች ላለማስቀየም ብለን በላን። ለተራዊሕ ከፊት ቆመን መቅራት ስንጀምር ትንፋሻችን አጠረ፤ ሩኩዕ ስንወርድ ሆዳችን ተጫነን፤ በልጅነታችን የሐፈዝነው አንቀጽ ጠፋብን። ከአራተኛው ረከዓ በኋላ ቦታችንን ለአንድ ወጣት ሓፊዝ ለቀን ከኋለኛው ሶፍ ተቀመጥን። ጀመዓው ታመው ነው ብሎ ዱዓ አደረገልን። እኛ ግን ጠግበን እንጂ ታመን አልነበረም።

ያን ሌሊት ቤት ገብተን ከመደርደሪያችን ያወረድነው ኪታብ የኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሙ ዲን» ነበር። ስለ ሆድ የሚናገረውን ክፍል በደረሳነታችን ቀርተነዋል። ለራሳችን ብለን ያነበብነው ግን ያን ሌሊት ነው። እኚህ ዓሊም ስለ ረሃብና ስለ ጥጋብ የጻፉት ከሌሎች ሰምተው ብቻ አይደለም። ሕይወታቸውን ያነበበ ሰው፣ በየታላቁ መታጠፊያ ላይ ሆዳቸው አንድ ነገር ሲነግራቸው ያገኛል። ስለዚህ ዛሬ ታሪካቸውን በዚያ መንገድ ልንተርክላችሁ ወደድን።

የሱፍ ፈታዩ ልጅ

ኢማም አል-ገዛሊ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1058) በኹራሳን ምድር፣ በጡስ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ ከመሽሀድ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ታጁዲን አስ-ሱብኪ የተባሉት የታሪክ ጸሐፊ እንደዘገቡት፣ አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድኻ ሰው ሲሆኑ ከእጃቸው ሥራ ካገኙት በቀር አይበሉም ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ ከዑለማዎች ዘንድ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ይታዘዟቸዋል፣ ሲያስተምሩ ሰምተውም ያለቅሳሉ። ዓሊም የሚሆን ልጅ እንዲሰጣቸውም አላህን ይለምኑ ነበር። አላህም ሙሐመድንና አሕመድን ሰጣቸው። ሁለቱም በኋላ ስመ ጥር ዓሊሞች ሆኑ፤ አባት ግን ይህን ሳያዩ ሞቱ።

ሊሞቱ ሲሉ ልጆቹን ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። እሳቸው መጻፍ ሳይማሩ በመቅረታቸው ይቆጩ ስለነበር፣ ያጠራቀሟትን ጥቂት ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት እንዲያውላት አስረከቡት። ወዳጁም አደራውን ተቀብሎ አስተማራቸው። ገንዘቡ ግን አለቀ። እሱም ከእነሱ የማይሻል ድኻ ነበርና ሌላ መንገድ ቢያጣ፣ ለተማሪ ምግብ ወደሚሰጥበት መድረሳ ገብተው እንዲማሩ መከራቸው። ቢያንስ የዕለት ጉርሳቸውን ያገኛሉ።

እንግዲህ በኋላ ሙስሊሙ ዓለም «ሑጀተል ኢስላም» ብሎ የጠራቸው ዓሊም ወደ መድረሳው በር የሄዱት ሆዳቸው እየጮኸ ነው። ይህንንም በታላቅነታቸው ጊዜ አልደበቁትም። ዒልምን የፈለጉት ከአላህ ውጭ ላለ ነገር እንደነበረ፣ ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ አልሆንም ብሎ እምቢ እንዳላቸው ይናገሩ ነበር።

ደረሳ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈገግ ይላል። እኛም በኪታብ ቤት ሳለን፣ ከመንደር የመጣች ቂጣ ለብዙ እጅ ተቆርሳ ስትዳረስ አይተናል። ያን ጊዜ ማባያው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እስከ ዛሬ ከበላናቸው ግብዣዎች ሁሉ ጣዕሟ ያልጠፋን ያች ደረቅ ቂጣ ናት። ኢማሙ ይህን ነገር በኋላ በኪታባቸው ሲጽፉት ያገኘነው ስለዚህ ነው የገረመን፤ ወደዚያ እንመለስበታለን።

ከጡስ እስከ ባግዳድ

ወጣቱ ሙሐመድ በጡስ ከተማሩ በኋላ ወደ ጁርጃን ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ ሽፍቶች መንገድ ላይ ዘርፈዋቸው የትምህርት ማስታወሻቸውን ወሰዱባቸው። እንዲመልሱላቸው ሲለምኑ የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው። ወረቀቱ ሲወሰድ አብሮ የሚወሰድ ዒልም ምን ዒልም ነው ማለቱ ነበር። ወረቀቱን መለሰላቸው፤ እሳቸውም ነገሩን እንደ ምክር ወስደው ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን በቃላቸው ያዙ።

ቀጥሎ ወደ ኒሻፑር ሄደው ኢማመል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። መምህራቸው እ.ኤ.አ. በ1085 ሲሞቱ፣ የሰልጁቆች ዋና ሚኒስትር ኒዛሙል ሙልክ ወዳሉበት ሰፈር ሄዱ። ሚኒስትሩ ዓሊሞችን የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ገዛሊ በዚያ በተደረገው ክርክር ሁሉ ስለበለጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1091 የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። እሳቸው ራሳቸው እንደጻፉት በፊታቸው ተቀምጦ የሚማረው ሰው 300 ደርሶ ነበር።

ባግዳድ ሲገቡ የለበሱት ልብስና የተቀመጡበት እንስሳ በሰዎች ግምት 500 ዲናር ያወጣ እንደነበር ተዘግቧል። የዕለት ጉርስ ፍለጋ መድረሳ የገባው የቲም ዛሬ ሹማምንት የሚከቡት ሰው ሆነ። ረሃብ ከሕይወታቸው ወጥቶ ሄዷል። በዓመቱ፣ በ485 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ወር፣ ኒዛሙል ሙልክ በነፍሰ ገዳይ ተገደሉ። የዱንያ ሥልጣን ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ ባግዳድ ሁሉ አየ። ገዛሊ ግን በወንበራቸው ቆዩ።

ጉሮሮ አልቀበልም ሲል

በ488 ዓመተ ሂጅራ የረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1095) ነገሩ ተለወጠ። ኢማሙ ይህን ጊዜ «አል-ሙንቂዝ ሚነ ደላል» በሚባለው ኪታባቸው በግልጽ ጽፈውታል። ራሳቸውን ሲመረምሩ፣ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር መሆኑን አገኙ። ልባቸው ሂድ፣ ይህን ሁሉ ተው ይላቸዋል፤ ነፍሳቸው ደግሞ ይህን የተመቻቸ ኑሮ ጥለህ ወዴት ትሄዳለህ ትላቸዋለች። ጠዋት ሊሄዱ ይቆርጣሉ፤ ማታ ይተውታል። ይህ ስድስት ወር ያህል ቆየ።

ሰው ልቡን አልሰማም ሲል አንዳንድ ጊዜ ሰውነት ተራውን ይናገራል። መጀመሪያ ምላሳቸው ተያዘ። ለተማሪዎቻቸው ብለው አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ቢታገሉ ቃል አልወጣ አላቸው። ያም ኀዘን ሆነባቸው፤ ኀዘኑ ወደ ሆዳቸው ወረደ። መረቅ እንኳ ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ፤ አንዲት ጉርሻ መፍጨት አቃታቸው። ጉልበታቸው እየደከመ ሄደ። ሐኪሞች መጥተው አዩአቸው፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆረጡ። በሽታው ከልብ ተነሥቶ ወደ ሰውነት የወረደ ነው፣ ልብን የያዘው ጭንቀት ካልተነሣ በቀር መድኃኒት አይገኝለትም አሉ።

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በባግዳድ ገበያ ያለ የምግብ ዓይነት ሁሉ ከፊታቸው ሊቀርብ የሚችል ሰው፣ የእስላም ሁሉ ጥያቄ የሚመጣላቸው ዓሊም፣ መረቅ መዋጥ አቃታቸው። በልጅነታቸው ሆዳቸው አምጣ ብሎ ወደ ዒልም መራቸው፤ በጎልማሳነታቸው ደግሞ አልፈልግም ብሎ ከዝና አወጣቸው። ያም ሆነ ይህ፣ በሁለቱም ጊዜ ሰውነታቸው እውነቱን ተናግሯል። የእኛ ዘመን ሐኪሞችም ጭንቀት የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ሳይርበው እንደሚያስበላ ይነግሩናል። በልቶ የማይረካ፣ ወይም ምግብ አልወርድ ያለው ሰው በቤታችን ሲኖር ብላ ብሎ ከመጎትጎት በፊት ልቡ ላይ ምን እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኢማሙም ሌላ በር ሁሉ ሲዘጋባቸው፣ ያጣውና የተቸገረው ሰው እንደሚያደርገው ወደ አላህ ተማጸኑ። አላህም ሥልጣኑን፣ ሀብቱንና ቤቱን መተው ለልባቸው አቀለለላቸው። ለልጆቻቸው የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ገንዘባቸውን አከፋፈሉ፤ ወደ መካ እሄዳለሁ ብለውም በዙልቃዒዳ ወር ከባግዳድ ወጡ።

የሚናራው በር

ከባግዳድ የሄዱት ወደ ደማስቆ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በሻም ቆዩ። በደማስቆው የኡመያ መስጊድ ሚናራ ላይ ይወጡና በሩን በላያቸው ዘግተው ቀኑን ብቻቸውን ያሳልፋሉ። ከዚያም ወደ በይተል መቅዲስ ሄደው በቁበቱ ሰኽራ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የነቢዩላህ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ቀብር በኸሊል ዘየሩ፤ ሐጅም አደረጉ። በኋላ ባግዳድ በተመለሱ ጊዜ፣ ቀድሞ ልብሳቸውን 500 ዲናር የገመቱት ሰዎች ያሁኑን ልብሳቸውን አሥራ አምስት ቂራጥ ብቻ ገመቱት። ቂራጥ የዲናር ሃያኛ ወይም ሃያ አራተኛ ክፍል ነው።

«ኢሕያእ ዑሉሙ ዲን» የተጻፈው በእነዚህ የስደት ዓመታት ነው። 40 መጻሕፍትን ይይዛል፤ ለአራት ተከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል አሥር አሥር አለ። ስለ ዒባዳ፣ ስለ ዕለት ተዕለት ልማድ፣ ስለ አጥፊ ነገሮችና ስለ አዳኝ ነገሮች ይናገራል። ስለ ሆድ ከተናገሩባቸው ቦታዎች መካከል ሦስቱን እናንሣ።

አንደኛው ስለ ጾም ምሥጢር የጻፉበት ነው። በኢፍጣር ሰዓት ከሐላሉም ቢሆን ሆድን እስኪጨናነቅ አለመሙላትን ከጾም አደቦች ይቆጥሩታል። ጿሚው ቀን ያመለጠውን ማታ አሟልቶ ከበላ፣ አልፎም በሌላ ወር የማይበላውን ዓይነት ከጨመረበት፣ የጾሙ ጥቅም ምኑ ላይ ነው ይላሉ። በዘመናቸው ሰዎች ምግቡን ሁሉ ለረመዳን እያጠራቀሙ በሌሎች ወራት የማይበሉትን በዚህ ወር ይበሉ እንደነበርም ይጽፋሉ። ይህ ከተጻፈ ከ900 ዓመት በላይ ሆኖታል። በረመዳን ዋዜማ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ግን ትናንት የተጻፈ ይመስለዋል። ሌላም ይጨምራሉ፦ ጿሚ ቀኑን በእንቅልፍ አያሳልፍ፣ ረሃቡና ጥማቱ ይሰማው፣ የጉልበቱ መድከም ይታወቀው ይላሉ። ረሃብ ተኝተን የምናሳልፈው እንግዳ አይደለም ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ስለ ምግብ አደብ የጻፉበት ነው። እጁን ወደ ምግብ የሚዘረጋ ሰው ርቦት ይሁን፤ ሳይጠግብም እጁን ያንሣ ይላሉ። ይህን ያደረገ ሰው ሐኪም አያስፈልገውም እስከ ማለት ደርሰዋል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ በደንብ ይታኘክ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ እጅ ወደ ሁለተኛው አይዘርጋ ብለውም ያዛሉ። ሰው በዚህ አኳኋን ሲበላ ጥጋብ ለመናገር ጊዜ ያገኛል። የዛሬ ሐኪሞች፣ ሆድ መሙላቱን አንጎል በደንብ እስኪረዳው 20 ደቂቃ ያህል እንደሚወስድ ይናገራሉ። በአሥር ደቂቃ ማዕዱን የጨረሰ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ተነሥቷል።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ኢፍጣር ልብ እንበል። በእሸት ተምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ እሱም ካልተገኘ በጥቂት ጉንጭ ውኃ ያፈጥሩና መግሪብን ይሰግዱ ነበር። በተምሩና በእራቱ መካከል ሰላት አለ። ጣፋጩ ወደ ደም ሲገባ፣ ያ የሚያጣድፈው ረሃብ ይበርዳል። ከሰላት ተመልሶ ማዕድ የሚቀርብ ሰው የሚበላውን መጠን ረጋ ብሎ ይመርጣል። እኛ ግን ተምሩንም፣ ሾርባውንም፣ ሳምቡሳውንም ባንድ ትንፋሽ አውርደን ለሰላቱ እየተንጠራራን እንነሣለን።

ሦስተኛው ቦታ ሆድንና ሌላውን ሸህዋ ስለ መስበር የጻፉበት ነው። ሸህዋ ማለት ነፍስ የምትጎመዠው ነገር ነው። እዚያ ላይ እውነተኛ ረሃብንና የነፍስን መጎምጀት እንዴት እንለያለን ብለው ምልክት ይሰጣሉ። እውነተኛ ረሃብ ማባያ አይመርጥም፤ የትኛውም ዓይነት ዳቦ ይሁን፣ ደረቁን በፍላጎት ይበላዋል። ይህን ሳይሆን ያንን ካለ ግን የራበው ሆዱ አይደለም። በኪታብ ቤት የበላናት ደረቅ ቂጣ ትዝ ያለችን እዚህ ላይ ነው። ከመድረሳ ደጅ የደረሰው የሱፍ ፈታዩ ልጅም ይህን ምልክት ከመጽሐፍ በፊት በሆዱ ያውቀዋል። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ እጅህ ወደ ሙሸበኩ ሲሄድ ይህን ጠይቀው፦ በዚህ ፋንታ ደረቅ እንጀራ ቢቀርብልኝ እበላ ነበር? መልሱ አይ ከሆነ ሆድህ ጠግቧል፤ የሚጠይቅህ ሌላ ነው።

በሞቴ ስለምንለው ነገር

በምግብ አደቡ ክፍል ውስጥ በተለይ ለእኛ አገር ሰው የተጻፈ የሚመስል ምክር አለ። አስተናጋጅ እንግዳውን ብላ ብሎ ቢያበረታታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ጊዜ በላይ ማለት ልክ ማለፍ ነው ይላሉ። ካልበላህ ብሎ በመሐላ መያዝንማ ይከለክላሉ፤ ምግብ መሐላ የሚማልበት ከባድ ነገር አይደለም።

እኛስ? አንዲት እናት የወንድሟ ልጅ ኢፍጣር ቢመጣ ስንት ጊዜ በሞቴ ትላለች? ጠገብኩ እትዬ ሲላት አፈር ስሆን ብላ ሌላ ጉርሻ ታነሣለች። ፍቅሯ እውነት ነው፤ ምንዳዋም ከአላህ ዘንድ አይጠፋም። ጉርሻ የፍቅራችን ምልክት ነውና እሱን ተዉ አንልም። ግን እንግዳው ጠገብኩ ሲል የሰውነቱን አማና እየተናገረ ነው። ምናልባት የስኳር ሕመም ኖሮበት በሰው ፊት መናገር አፍሮ ይሆናል። ምናልባት ገና ኢሻና ተራዊሕ ይጠብቀው ይሆናል። እኛ ራሳችን በዚያ ምሽት ከሚሕራቡ የተነሣነው በመሐላ የተጨመረልንን መመለስ አቅቶን ነው። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የቤቶቹ አልነበረም፤ አደቡን የምናስተምረው እኛ ስንሆን አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ ለማለት አፈርን።

ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ሕፃን ልጅ ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል፤ አላህ ያስተማረው ነው። ሳሕኑን ካልጨረስክ እያልን ስናስገድደው ያንን ትምህርት እናስረሳዋለን። ትንሽ አቅርቦ ሲፈልግ መጨመር ምግብ እንዳይባክንም፣ ልጁ ሆዱን እንዲያውቅም ያደርጋል።

በጋለ ቀለበት ውስጥ ያለች ጉንዳን

አንዳንድ ሰው የገዛሊን ኪታብ ሲያነብ ስለ ረሃብ ምንዳ የተጻፈውን ብቻ ይይዝና ሰውነቱን ይጎዳል። ኢማሙ የረሃብን አሥር ጥቅሞች መዘርዘራቸው እውነት ነው። ልብ ይጠራል፣ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ለዒባዳ ይቀልላል፣ ሰውነት ይድናል፣ የተራበውን ሰው ማስታወስ ይቻላል፣ ከተረፈውም ሰደቃ ይወጣል ይላሉ። ግን በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ዋናው ዓላማ መካከለኛነት መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣሉ። የተፈለገው ሰው የሆዱ ክብደትም፣ የረሃብ ሕመምም ሳይሰማው እንዲበላ ነው። ሁለቱም ልብን ይይዛሉ፤ ሁለቱም ከዒባዳ ይከለክላሉ። ሆዱን ረስቶ ለአላህ መቆም የቻለ ሰው ልኩን አገኘ።

ለዚህም አንድ ምሳሌ አላቸው። በእሳት የጋለ ቀለበት መሬት ላይ ተጥሎ፣ አንዲት ጉንዳን መካከሉ ላይ ብትወድቅ ምን ታደርጋለች? በየትኛውም በኩል ብትሮጥ ሙቀቱ ይመልሳታል። ስትሸሽ ስትሸሽ ከሁሉም ጠርዝ እኩል በራቀው መካከል ላይ ታርፋለች። ሰውም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ጥጋብ ያቃጥለዋል፣ በሌላው ረሃብ ያቃጥለዋል፤ መካከሉን የሚያገኘው ሁለቱንም ጠርዝ እያዳመጠ ነው። መካከሉ ደግሞ ለሁሉ ሰው አንድ አይደለም። የሰው ሁኔታ ስለሚለያይ መጠኑም ይለያያል ይላሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው ልጅ ከሞላው ዕቃ ሁሉ ሆድ የከፋ መሆኑን፣ ወገቡን የሚያቀኑ ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ካልሆነም ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንዲተው አስተምረዋል። ገዛሊ ይህን ሐዲስ ሲያወሱ፣ ከአህለል ኪታብ የሆነ አንድ ሐኪም ሰምቶት ስለ ምግብ ማሳነስ ከዚህ የበለጠ ጥበብ ያለው ንግግር አልሰማሁም እንዳለ ይተርካሉ። ለትንፋሽ የተተወው ሲሶ ለቁርኣንም የተተወ ነው። እኛ ያን ምሽት ያጣነው ይህንን ነበር።

ይህ ነገር ለታመሙ ወገኖቻችንም ይሠራል። ሰውነት ሲናገር መስማት ማለት ጥጋብን ብቻ መስማት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ዓይኑ እየጨለመ ለመግሪብ ሁለት ሰዓት ቀረኝ ብሎ ቢታገል ይህ ጀግንነት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ችግርን እንደማይፈልግብንም በቁርኣን ነግሮናል። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ሕመም ያለበት ሰው ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ፈቃዱንም እንደ አላህ ስጦታ ይቀበለው። ሳለማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ሌሊቱን ሁሉ ሲቆምና ቀኑን ሁሉ ሲጾም ለነበረው ወንድማቸው ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ነፍስህም መብት አላት ብለው ሲመክሩት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሳለማን እውነት ተናገረ ብለው አጽድቀዋል።

የመጨረሻዋ ማለዳ

ኢማም አል-ገዛሊ በ499 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1106) በሹማምንት ግፊት በኒሻፑር ኒዛሚያ እንደገና ማስተማር ጀመሩ። ፊት ያስተማሩት ክብር የሚገኝበትን ዒልም እንደነበር፣ አሁን ግን ክብር የሚተውበትን እንደሚያስተምሩ ጽፈዋል። ብዙ ሳይቆዩ ወደ ጡስ ተመለሱ፤ በቤታቸው አጠገብ ለደረሳዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማረፊያ ሠሩ። ዳቦ ፍለጋ ወደ መድረሳ የገባው ልጅ፣ በመጨረሻ ዳቦ ፍለጋ ለሚመጡ ልጆች በር ከፈተ። ቀናቸውን ቁርኣን በማኽተም፣ ከደጋግ ሰዎች ጋር በመቀመጥና በማስተማር ያሳልፉ ነበር።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ጁማደል ኣኺራ 14 ቀን፣ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1111፣ በዕለተ ሰኞ ሞቱ። ወንድማቸው አሕመድ እንደተረኩት ሱብሒ ላይ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ከዚያ ከፈናቸውን አስመጥተው ያዙት፣ ሳሙት፣ በዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ወደ ንጉሡ ለመግባት እሰማለሁ፣ እታዘዛለሁ አሉ። እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ቀኑ በደንብ ሳይነጋ ነፍሳቸው ወጣች። ሰውነታቸው የመጨረሻውን ጥሪ ሲያሰማም የሰሙት ይመስላል። ልምዱ ነበራቸው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንሞክር። በተምርና በውኃ አፍጥረን መግሪብን እንስገድ። ከዚያ ትንሽ አቅርበን ረጋ ብለን እንብላ፤ በመካከል እጃችንን አንሥተን ሆዳችንን እንጠይቀው። ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የቆመችው እናትም ከእኛ ጋር ትቀመጥ፤ እሷም ርቧታል። ለእንግዳ ከሦስት ጊዜ በላይ ብላ አንበል፤ በሞቴንም እንተው። የተረፈውን ሳይበላሽ ለጎረቤት እናድርስ። ዛሬ ረሃብ የሰማነው እስከ መግሪብ ብቻ ነው። ከመግሪብ በኋላም የሚሰማው ሰው በሰፈራችን አለ፤ ከማዕዳችን ያነሣነው እጅ ወደሱ ይዘርጋ።

አላህ ሆዳችንን ከሐራምም ከመጠን ማለፍም ይጠብቅልን። ሰውነታችንን አማና አድርጎ ሰጥቶናልና አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። ኢማም አል-ገዛሊን ይዘንላቸው፤ ታማሚዎቻችንን ይፈውስልን፤ የተራቡትን ያጥግብልን። ኣሚን።